ገመዱና ካርታው ያልተስማሙበት ማሳ

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ ዞን በአንድ ደጋማ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በጂኦግራፊ ነው፤ አምስት ዓመት አገልግያለሁ። በጂአይኤስ (በጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት) ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤያለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተሬ ደካማ ነው፣ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፣ ለመመረቂያ የሚሆን ርእስም የለኝም። አሁን ያለሁበት ሥራ አሰልችቶኛል፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው «በገመድ ስንለካው አንድ ጥማድ የነበረው መሬታችን ካርታው ላይ አነሰ» ለሚሉ አርሶ አደሮች መልስ ስፈልግ ነው። ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ብማርስ የት ይሻለኛል?

ምላሽ፦ እኅቴ፣ «ርእስ የለኝም» ካልሽ በኋላ የጻፍሽውን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው። ርእስሽ እዚያው ተቀምጧል። አምስት ዓመት ሙሉ ሰዎች ቢሮሽ ድረስ እየመጡ የነገሩሽን ነገር አሰልቺ ብለሽዋል፤ እኔ ግን ሳነበው ልቤ ዘለለ። ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ኮምፒውተሩ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለዚያ ማሳ እንነጋገር።

አንድ ጥማድ በልማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው። ይህም 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ወርዱም ቁመቱም 50 ሜትር የሆነ ማሳ ነው። ማሳው ሜዳ ላይ፣ እንበል እነዋሪ አካባቢ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ገመዱም ካርታውም አንድ ቃል ይናገራሉ። አሁን ያንኑ ማሳ አንሥተሽ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ተዳፋት ላይ አስቀምጪው፤ ቁልቁለቱም 30 ዲግሪ ይሁን። አርሶ አደሩ ገመዱን የሚዘረጋው መሬቱን አስነክቶ ነው፤ ከላይኛው የወሰን ድንጋይ እስከ ታችኛው ድረስ 50 ሜትር ያገኛል። አልዋሸም። ካርታው ግን መሬቱን የሚያየው ቀጥ ብሎ ከሰማይ ነው። የ30 ዲግሪ ኮሳይን 0.866 ስለሆነ ያ 50 ሜትር ካርታው ላይ 43.3 ሜትር ይሆናል። የማሳው ስፋትም 2,165 ካሬ ሜትር ብቻ ሆኖ ይመዘገባል። 335 ካሬ ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ ማንም ግን አልወሰደውም።

በዓለም ላይ ያለ የመሬት ምዝገባ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመዘግበው ይህንን አግድም ስፋት ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። የጎረቤታሞች ማሳዎች ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ ጎን ለጎን ሊገጥሙ የሚችሉት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሲለኩ ነው። በማሳው ላይ የሚወርደው ዝናብም የሚሰላው በአግድሙ ስፋት ነው። በሬዎቹ የሚያርሱት ግን ተዳፋቱን ነው፤ የሚያርመውና የሚያጭደው ሰው ጉልበትም የሚያልቀው በተዳፋቱ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ አባት ቢሮሽ መጥተው «መሬቴ አነሰ» ሲሉ ሁለት እውነቶች ተጋጭተው ነው የመጡት። ያንን በወጉ ያስረዳቸው ሰው ከሌለ፣ ካርታውን የሠራው ባለሙያ ከጎረቤት ጋር የተመሳጠረ ይመስላቸዋል። ከዚያ ወደ ሽምግልና፣ ከሽምግልና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚህ ሰበብ የተቀያየሙ ወንድማማቾች አይቻለሁ፤ ጉዳዩን ቀላል አድርጌ ማየት የማልችለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ በቁልቁለቱ ብቻ ቢያልቅ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። የመስክ ካርታው 1 ሴንቲሜትሩ 20 ሜትር የሚወክል የአየር ፎቶ ሕትመት ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእስክሪብቶ መስመር መሬት ላይ 1 ሜትር ይሸፍናል። የማሳው ዙሪያ 200 ሜትር ነው፤ እስክሪብቶው ብቻውን 200 ካሬ ሜትር ያህል የሚያወዛግብ ጠርዝ ፈጠረ። ፎቶውን ለማስተካከል ያገለገለው የከፍታ መረጃ ሻካራ ከሆነም በገደላማ ቦታ ላይ ምስሉ ራሱ ከቦታው ይንሸራተታል። እውነተኛ የወሰን መግፋትም አለ። እንግዲህ አንድ አቤቱታ ሲመጣ ከእነዚህ ከአራቱ የትኛው ምን ያህሉን ይገልጻል? ሜዳማ ቀበሌና ተዳፋታማ ቀበሌ ወስደሽ፣ በቁልቁለት ከፋፍለሽ፣ መቶ ያህል ማሳዎች በገመድም በትክክለኛ ጂፒኤስም ብትለኪ፣ ልዩነቱ ኮሳይኑ ከሚለው ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ሜዳው ላይም የሚቀር ልዩነት ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው ማለት ነው። ይህ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ነው፤ ያውም ውጤቱ በማግሥቱ የሰው እንባ የሚያብስ።

«ልማር ወይስ ይቅርብኝ» ላልሽው፦ ተማሪ። ግን ምን እንደምትማሪ ዐውቀሽ ግቢ። አሁን የምትሠሪበት ጂአይኤስ ሥርዓት ነው፤ ቁልፎቹን ትነኪያለሽ፣ ካርታ ይወጣል። ማይክል ጉድቻይልድ የተባሉት ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ መስክ ራሱን የቻለ ሳይንስ መሆኑን ሲከራከሩ ያነሡት ነገር አንቺ ቢሮ ከሚመጣው ጥያቄ ብዙም አይርቅም፤ መረጃው ምን ያህል ይሳሳታል፣ ስሕተቱስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የሶፍትዌር አጠቃቀም ብቻ የሚያስተምር ፕሮግራም ከገጠመሽ ሁለት ዓመትሽን አትስጪው። ያንን ቤትሽ ሆነሽ በሦስት ወር ትለምጂዋለሽ።

ይህንን የምለው ከራሴ ልምድ ተነሥቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቅ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የጥድና የወይራ ደን ለመለካት ሄድኩ። የእጅ ጂፒኤስ ይዤ ዙሪያውን ተጓዝኩና በየማዕዘኑ ነጥብ መዘገብኩ። ማታ ነጥቦቹን 1፡50,000 በሆነው የመሬት አቀማመጥ ካርታ ላይ ሳስቀምጣቸው ደኑ ከአጸዱ ወጥቶ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ ላይ ዐረፈ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩና ለአንድ አዛውንት አሳየኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ደኑ ከአባቶቻችን ጀምሮ እዚሁ ቆሟል፤ የሄደው ያንተ ወረቀት ነው» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ጂፒኤሱ የሚቆጥረው ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው የዓለም አቀፍ የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ሲሆን ካርታው የተሠራው አዲንዳን በተባለው አሮጌ መነሻ ነው። ሁለቱም ዩቲኤም በተባለው የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት ዞን 37 ይላሉ፤ ቁጥሮቹም ይመሳሰላሉ፤ መሬት ላይ ግን አገራችን ውስጥ 200 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሶፍትዌሩ አላስጠነቀቀኝም፤ ቁጥር ሰጠሁት፣ ቁጥሩን ሣለ። እስከ ዛሬ የትኛውም ተማሪ ካርታ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዳተሙ ምንድን ነው?» ብዬ ነው። የጽሕፈት ቤትሽ የቆዩ ፋይሎች ውስጥም በሁለቱ መነሻዎች የተቀላቀሉ መረጃዎች እንዳይኖሩ ዛሬውኑ ፈትሺ።

አንድ ልመና አለኝ። የአንድ ወረዳ የመሬት ሽፋን ለውጥ፣ ላንድሳት በተባሉት ሳተላይቶች በተነሡ ሦስት ምስሎች፣ በየዐሥር ዓመቱ የሚል ርእስ ይዘሽ አትምጪ። መደርደሪያው ሞልቷል። የላንድሳት አንድ ነጥብ ወይም ፒክስል 30 በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ ከሦስት ፒክስል ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ያውም ጠርዞቹ ከጎረቤት ባሕር ዛፍና ከድንበር ሣር ጋር ተቀላቅለው። ወቅቱም ያሳስታል። ደጋው ላይ በታኅሣሥ የተነሣ ምስል ብታዪ የታጨደ የስንዴ ማሳና ከብት የጨረሰው የግጦሽ መሬት አንድ መልክ አላቸው። በመንዝና በአንኮበር ከፍታዎች ደግሞ በልግ ስላለ በግንቦት ምስል ላይ የሚለመልመውን የበልግ ገብስ ከሌላ ዓመት የበጋ ምስል ጋር አወዳድሮ «ዕፅዋት ጨመረ» ማለት ስሕተት ነው። ላንድሳት 7 እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2003 በኋላ በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት የተሸነታተሩ ምስሎችን ነው የሰጠው፤ ይህንን ሳይናገሩ የሚያልፉ ጽሑፎች አጋጥመውኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የማረጋገጫ ነጥቦች አሰባሰብ ነው። ተማሪው መኪና ተከራይቶ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ይጓዝና በየመንገዱ ዳር ቆሞ ነጥብ ይወስዳል። ከዚያ ካርታዬ ከመቶ ዘጠና ትክክል ነው ይላል። ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው መንገዱ ዳር ላለው መሬት ብቻ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው ገደል ሥር ያለው ቀበሌ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ነጥቦቹ በዕጣ መመረጥ አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነትም ቢያንስ 50 ያህል ይሁኑ፤ ዕጣው የጣለሽ ቦታ ገደል ቢሆንም ውረጂ። መውረድ የማይቻል ከሆነ አለመቻሉን ጻፊ።

ከማሳው ሌላ ርእስ ከፈለግሽ አገራችን ሞልቶ ተርፏታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ውርጭ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና ጠዋት ባቄላው ጠቁሮ ይገኛል፤ ሃምሳ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ማሳ ግን ይተርፋል። ይህንን ከሳተላይት እንዴት ታዪዋለሽ? ላንድሳት በእኛ አገር ላይ የሚያልፈው ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ውርጩ በዚያን ጊዜ ቀልጧል። አኳ የተባለችው ሳተላይት ለብዙ ዓመታት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ እያለፈች የመሬቱን ሙቀት ለክታለች፤ ግን የእርሷ አንድ ፒክስል 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓቱ ያለው ምስል ቦታውን አያሳይም፤ ቦታውን የሚያሳየው ደግሞ ሰዓቱን ያሳልፋል። ሁለቱን ከከፍታ መረጃ ጋር ማጋባትና ማሳው ላይ ጥቂት ርካሽ ቴርሞሜትሮች መትከል ሥራውን የሚቻል ያደርገዋል። ገበሬዎቹ ውርጭ የሚመታውን ጎድጓዳ ለይተው ያውቁታል፤ ካርታሽ የእነርሱን ዕውቀት ካላገኘው ስሕተቱ ከካርታው ነው።

አንዲት ጥድንም አትርሺ። ከደብረ ሲና ብዙ የማይርቀው ይህ አነስተኛ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነው፤ ዝናብ፣ የወንዝ ፍሰትና የሚታጠብ አፈር ለረጅም ዓመታት ተለክቶበታል። በሳተላይትና በቀመር ብቻ «በሄክታር ይህን ያህል ቶን አፈር ይታጠባል» የሚሉ ካርታዎች ሁሉ መፈተን ያለባቸው እንዲህ ባለ ቦታ በባልዲና በመለኪያ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ይህንን የአፈር መታጠብ ቀመር ለኢትዮጵያ ሁኔታ ያስማሙት ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒም ያንን ምርምር የመሠረቱት ናቸው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ጂአይኤስ በአገራችን በተለያየ ጣሪያ ሥር ይሰጣል፤ ጣሪያው ደግሞ ትምህርቱን ይለውጠዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምድር ሳይንስ በኩል ያለው ወደ ጂኦሎጂ፣ ውኃና የሳተላይት ምስል ያደላል፤ በጂኦግራፊ በኩል ያለው ወደ ሰፈራ፣ አካባቢና ማኅበረሰብ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ ለአንቺ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ የመሬት ሕጉን፣ ቅየሳውንና ምዝገባውን የሚያውቁ መምህራን በአንድ ግቢ ታገኛለሽና። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለቤትሽ ቅርብ ስለሆነ በየዓመቱ የሚያወጣውን የድኅረ ምረቃ ማስታወቂያ ተከታተይ። የትም ሂጂ የትም፣ ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቂ። የመጋጠሚያና የዳተም ትምህርት፣ የቦታ ስታቲስቲክስ፣ የመረጃ ቋት እና ቢያንስ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ከሌለበት ተይው። ቀጥለሽ አማካሪ ሊሆኑሽ የሚችሉ መምህራንን ሥራ አንብቢ፤ የአማካሪው ነገር ከዩኒቨርሲቲው ስም ይበልጣል። አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ቀደም ብለሽ ተዘጋጂበት። መሥሪያ ቤትሽ ከላከሽ የምትፈርሚውን የአገልግሎት ግዴታ በእርጋታ አንብቢው፤ ስንት ዓመት እንደሚያስርሽ ዕወቂ።

ውጭ አገር ከተመኘሽ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተውና ዛሬ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኔዘርላንዱ የጂኦ መረጃ ትምህርት ተቋም አይቲሲ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስተማረ ነው፤ የመሬት አስተዳደር ትምህርትም አለው። ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ የአውሮፓ የትምህርት ዕድሎችም አሉ። ማመልከቻዎቹ የሚከፈቱት አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ፓስፖርትና የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ወራት ስለሚፈልጉ ክረምቱን ለእነርሱ ስጪው። በማመልከቻሽ ደብዳቤ ላይ ስለ ዓለም የአየር ንብረት ለውጥ በጥቅሉ አትጻፊ። ስለዚያ 335 ካሬ ሜትር ጻፊ። እኔ አመልካች ሳወዳድር የማስታውሰው እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው።

ኮምፒውተርሽ አያስጨንቅሽ። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ተራ ላፕቶፕ ላይ ለአንድ ወረዳ ሥራ በደንብ ይሠራል። ከባዱን የምስል ስሌት ጉግል ኧርዝ ኢንጂን በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚሠራልሽ ከአንቺ የሚጠበቀው ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ለጥናት በነጻ ይፈቀዳል። የላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ሴንቲኔል 2 የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 10 ሜትር ፒክስል ያለው ምስል በነጻ ይሰጣል፤ ጥማድሽ በእርሱ 25 ፒክስል ትሆናለች። መብራት ሲጠፋ ሥራሽ እንዳይበላሽ ቶሎ ቶሎ አስቀምጪ፤ ፋይሎችሽንም በሁለት ቦታ አኑሪ።

ፕሮግራም መጻፍን የፈራሽው ሰዎች ከጫፉ ስላሳዩሽ ይመስለኛል። ከትንሽ ጀምሪ። የደብረ ብርሃንን የአንድ ዓመት ዕለታዊ ዝናብ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንብበሽ የየወሩን ድምር አስወጪ። ሲሠራልሽ ያንኑ ለሠላሳ ዓመት አድርጊው፤ የምትቀይሪው አንድ መስመር ብቻ መሆኑን ስታዪ ነገሩ ይገባሻል። ቀጥሎ የጽሕፈት ቤትሽን የማሳ መዝገብ ከከፍታ መረጃ ጋር አገናኝተሽ ለእያንዳንዱ ማሳ አማካይ ቁልቁለት አስሊ። ለዚህ መንግሥታዊ መረጃ የኃላፊሽን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፤ የባለይዞታዎቹንም ስም ከፋይሉ አውጪ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከፕሮግራሙ ይልቅ የምሠጋው ስታቲስቲክሱን ነው። ጂኦግራፊ ተምረን የወጣን ብዙዎች እዚያ ላይ ስንደክም አያለሁ፤ የኮሌጅ ደብተርሽን ፈልጊና ከናሙና አወሳሰድ ጀምረሽ ከልሺ።

ስለ ሥራ ዕድል አልጠየቅሽም፤ ቢሆንም ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ብዛት እየሰፋች ነው፤ የከተማ ካዳስተር (የይዞታ ቅየሳና ምዝገባ)፣ መንገድና ውኃ ሁሉ ባለሙያ ይፈልጋሉ። በፌዴራል ደረጃም የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ።

ምዝገባው እስኪደርስ ግን አንድ ነገር አድርጊ። በሚቀጥለው ሳምንት መሬታቸው አነሰ ካሉት አባቶች አንዱን አስፈቅደሽ ማሳቸው ድረስ ሂጂ። 10 ሜትር ገመድ፣ እርከን ሲሠራ የልማት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የገመድ ውኃ ልክ እና ክር የታሰረበት ድንጋይ ያዢ። መጀመሪያ እርሳቸው እንደሚለኩት መሬቱን አስነክታችሁ ለኩ። ቀጥሎ የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይኛው ወሰን አስነክተሽ ሌላውን ጫፍ አየር ላይ ያዢው፤ ውኃ ልኩ እስኪስተካከል ከፍ አድርጊው፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ገመዱን አጥፈሽ በአጭር በአጭሩ ለኪ። ከጫፉ ድንጋዩን ጣዪና ያረፈበትን ቦታ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ምልክት ተነሥታችሁ እንደገና፣ እንደ ደረጃ እየወረዳችሁ እስከ ታችኛው ወሰን ድረስ ቀጥሉ። ገመዱን ራሳቸው አባትየው ይያዙት፣ ድምሩንም ራሳቸው ይቁጠሩት። ሁለቱን ቁጥሮች፣ ቀኑንና የቁልቁለቱን ዲግሪ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። የጥናትሽ የመጀመሪያ ማሳ እርሱ ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ ይቀሩሻል።